ተቃዋሚው አስቀድሞ የሚናገርበት መጽሐፍ

ዲሴምበር 6 ቀን 1273 ነው። ቀኑ የቅዱስ ኒኮላስ በዓል ነበር፤ በኔፕልስ ከተማ በሚገኘው የዶሚኒካን ገዳም አንድ መነኩሴ ቅዳሴ ቀድሶ ወጣ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ልማዱ ከቅዳሴ በኋላ ማስተማር፣ ከዚያም ጸሐፊዎቹን አስቀምጦ ማጻፍ ነበር። በዚያ ዕለት ግን ብራናውንም ጸሐፊዎቹንም ተወ። የረጅም ዘመን ረዳቱ ሬጂናልድ ዘፒፔርኖ፣ ይህን የሚያህል ሥራ ሳያልቅ ለምን እንደሚያቆም ደጋግሞ ሲጠይቀው፣ ካየው ነገር ጋር ሲነጻጸር እስከዚያ የጻፈው ሁሉ ገለባ ሆኖ እንደታየው ነገረው። ይህን የምናውቀው በ1319 ለቅድስናው ምርመራ በኔፕልስ ከተሰጠ የምስክርነት ቃል ነው። መነኩሴው ቶማስ አኩዊናስ ነው። ከሦስት ወር በኋላ፣ ማርች 7 ቀን 1274፣ ወደ ሊዮን ጉባኤ ሲጓዝ መንገድ ላይ ታሞ በፎሳኖቫ ገዳም ዐረፈ። ሱማ ቴኦሎጂካ የተሰኘው ትልቁ መጽሐፉም ሦስተኛው ክፍል ላይ፣ ስለ ንስሐ እየተናገረ ሳለ በ90ኛው ጥያቄ ተቋርጦ ቀረ።

ያ ገለባ የተባለው ነገር ዛሬ ሲቆጠር ከ8 ሚሊዮን ቃላት በላይ ነው። ሃምሳ ዓመት ሳይሞላው ያለፈ አንድ መምህር፣ በፓሪስ፣ በኦርቪየቶ፣ በሮምና በኔፕልስ መካከል ሲመላለስ፣ በሃያ ዓመት ገደማ ውስጥ የተናገረው፣ ያጻፈውና በእጁ የጻፈው ነው። በውስጡ የመጽሐፍ ቅዱስ ትርጓሜ አለ፤ የአርስቶትል መጻሕፍት ሐተታ አለ፤ ለብራባንት ገዢ እመቤት በግዛቷ ስለሚኖሩ አይሁድ ላቀረበችው ጥያቄ የተሰጠ መልስ አለ፤ ስለ ልብ ትርታ የተጻፈች አጭር ድርሰት አለች፤ ስብከትም አለ። አንድ ሰው «የቶማስ አኩዊናስ ሙሉ ሥራዎች» የሚል የጥራዝ ሰልፍ በቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ሲያይ፣ ሊቁ ሁሉን ጠይቆ፣ ሁሉን መልሶ፣ በሩን ቆልፎ የሄደ ይመስለዋል። ይህ መልክ ስሕተት ነው ብዬ እከራከራለሁ። በጥራዞቹ ውስጥ ያለው የጉባኤ ቃል ነው፤ ጉባኤውን የዘጉት ኋላ የመጡ ሰብሳቢዎችና ሕግ አውጪዎች ናቸው። ስለዚህ ቶማስን በትክክል የሚያነበው፣ ከመልሱ ሳይሆን ከተቃውሞው የሚጀምር ነው።

ማስረጃው የሚጀምረው ከአንቀጹ አሠራር ነው። ሱማ 512 ጥያቄዎች አሉት፤ እያንዳንዱም ጥያቄ በአንቀጾች ይከፈላል። በአንቀጹ መግቢያ ነገሩ በጥያቄ መልክ ይቀመጣል። ቀጥሎ፣ ደራሲው ከሚያምነው ጋር የሚጋጨው ሐሳብ «እንዲህ ይመስላል» ተብሎ፣ ተራ በተራ፣ ከነምክንያቱ ይቀርባል። ከዚያ በሌላው ወገን የሚቆም አንድ ቃል፣ አብዛኛውን ጊዜ ከቅዱስ መጽሐፍ ወይም ከአበው፣ ይጠቀሳል። መምህሩ «እመልሳለሁ» የሚለው ይህ ሁሉ ከተሰማ በኋላ ነው። መልሱን ሰጥቶም ዝም አይልም፤ ወደ ተቃዋሚዎቹ ተመልሶ ለእያንዳንዳቸው ለየብቻ ይመልሳል። ዝነኛውን አንቀጽ፣ «እግዚአብሔር አለ ወይ?» የሚለውን እንውሰድ። ለነገረ መለኮት ጀማሪዎች በተጻፈ መጽሐፍ ውስጥ፣ በዚህ አንቀጽ መጀመሪያ የሚሰማው ድምፅ «የለም ይመስላል» ይላል። ምክንያቱም ሁለት ነው። ወሰን የሌለው መልካም ካለ ክፋት ቦታ ባልኖረው ነበር፤ ክፋት ግን በዓለም አለ። ደግሞም በዓለም የሚታየውን ሁሉ በተፈጥሮና በሰው ፈቃድ ማስረዳት ከተቻለ ሌላ ምክንያት መጨመር ትርፍ ነገር ነው። ከሰባት መቶ ዓመት በኋላ እምነትን የሚሞግት ሰው ዛሬም ከእነዚህ ሁለቱ የበረታ መሣሪያ ይዞ አይነሣም። አምስቱ መንገዶች የሚባሉት የቶማስ ማስረጃዎች የመጡት እነዚህ ሁለቱ በአደባባይ ከቆሙ በኋላ ነው። ብዙ የመማሪያ መጻሕፍት ግን አምስቱን መንገዶች ነጥለው ወስደው ሁለቱን ተቃውሞዎች ጥለዋል፤ ያን ጊዜ መልሱ ለማን እንደተመለሰ አይታወቅም።

ይህ በትልልቆቹ ርእሶች ላይ ብቻ የሚታይ አይደለም። ኀዘን በእንቅልፍና ገላን በመታጠብ ይቀልል እንደሆነ የሚጠይቅ አንቀጽ አለ፤ ተቃዋሚው ኀዘን የነፍስ ነው፣ እንቅልፍና ውኃ ግን የሥጋ ናቸው ይላል። ቶማስ፣ ሥጋን ወደ ደኅና ይዞታው የሚመልስ ነገር ኀዘንንም ያስታግሳል ብሎ ይመልሳል። የተራበ ሰው የሌላውን ሀብት ቢወስድ ሌባ ይባላል ወይ የሚል አንቀጽም አለ። እዚህ ላይ በተቃዋሚው ወንበር የተቀመጠው የቤተ ክርስቲያን ሕግ ራሱ ነው፤ በረኃብና በመራቆት ተገዶ ለሰረቀ ሰው የሦስት ሳምንት ንስሐ የሚያዝዝ ድንጋጌ ይጠቀሳል። ቶማስ ግን ግልጽና አስቸኳይ ችግር ሲመጣ ንብረት የጋራ ይሆናል፣ የወሰደውም አልሰረቀም ብሎ ፈረደ፤ ድንጋጌው የሚናገረው ችግሩ አስቸኳይ ስላልሆነበት ሰው ነው ሲልም ለይቶ አስረዳ። የራሱን ቤት ሕግ አንሥቶ ከተቃዋሚ ወገን የሚያቆም ደራሲ ክርክርን ለጌጥ ያመጣዋል ማለት ያስቸግራል።

በትርጓሜ ቤት ያለፈ አንባቢ እዚህ ላይ አንድምታን ሳያስታውስ አይቀርም። መመሳሰሉ እውነተኛ ነው፤ ልዩነቱም እንዲሁ። የእኛ መምህራን አንዱን ንባብ «አንድም» እያሉ ሲያመሠጥሩት፣ ፍቺዎቹ ብዙውን ጊዜ ሳይጣሉ ጎን ለጎን ይቆማሉ። በሱማ ግን ድምፆቹ ይጋጫሉ፤ መምህሩም ይፈርዳል። ለአንድምታ ይበልጥ የሚቀርበው ሌላው የቶማስ ሥራ፣ «የወርቅ ሰንሰለት» የተባለው የአራቱ ወንጌላት ትርጓሜ ነው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ኡርባን 4ኛ ባዘዙት መሠረት የተጀመረ ሲሆን፣ የአበውን ቃል በየንባቡ ሥር እየሰበሰበ ያያይዛል። ለእኛ አንባቢ እንግዳ ያልሆኑት ዮሐንስ አፈወርቅና ቄርሎስም በውስጡ ይናገራሉ፤ ከግሪክ ጸሐፍት አንዳንዱን ቶማስ ለዚሁ ሥራ ሲል ወደ ላቲን አስተርጉሟል። ስለ እርሱ የሚነገር አንድ ታሪክም አለ፤ ተማሪዎቹ ፓሪስን ከሩቅ አሳይተው ይህች ከተማ ያንተ ብትሆን ምን ይመስልሃል ሲሉት፣ ከከተማይቱ ይልቅ አፈወርቅ በማቴዎስ ወንጌል ላይ የሰጠውን ትርጓሜ ቢያገኝ እንደሚመርጥ መለሰላቸው ይባላል።

የአንቀጹ መልክ ከየት እንደመጣ ለማየት ወደ ፓሪስ መሄድ ያስፈልጋል። ቶማስ በ1256 በፓሪስ ዩኒቨርሲቲ የነገረ መለኮት መምህር ሆነ። የመምህር ግዴታው ማንበብ፣ መከራከርና መስበክ ነበር። በክርክሩ ዕለት ርእሱን መምህሩ ያቀርባል፤ ተሰብሳቢዎች ተቃውሞ ያነሣሉ፤ አንድ ወጣት የነገረ መለኮት ተማሪ በመጀመሪያው ዙር ይመልሳል፤ በኋላ መምህሩ ነገሩን ሰብስቦ ፍርዱን ይሰጣል። «ስለ እውነት»፣ «ስለ ክፋት»፣ «ስለ ኃይል» የሚባሉት የቶማስ መጻሕፍት የዚህ ዓይነት ክርክር ፍሬዎች ናቸው። ከዚህም የከበደ ነበር። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ከልደትና ከትንሣኤ በፊት ባሉት የጾም ሳምንታት፣ ፈቃደኛ የሆነ መምህር ለአደባባይ ጥያቄ ይቀርብ ነበር፤ ማንም ሰው ስለ ማንኛውም ነገር መጠየቅ ይችላል። ከቶማስ የዚህ ዓይነት ጉባኤዎች 12 ስብስቦች ደርሰውናል። በመጨረሻው ውስጥ ከወይን፣ ከንጉሥ፣ ከሴትና ከእውነት የትኛው ይበረታል የሚል ጥያቄ እናገኛለን። ይህ በዳርዮስ ፊት የተከራከሩት የሦስቱ ጎልማሶች ታሪክ ነው፤ ላቲኖች መጽሐፉን ከቀኖናቸው ውጭ ቢያደርጉትም በእኛ ሰማንያ አሐዱ መጻሕፍት ውስጥ ዕዝራ ካልዕ ተብሎ ይቆጠራል። ቶማስ በጥያቄው አልቀለደም። አራቱ በአንድ ሚዛን የሚመዘኑ አይደሉም አለ፤ ወይን በሥጋ፣ ሴት በስሜት፣ ንጉሥ በሥራና በትእዛዝ፣ እውነት በአእምሮ ላይ ትሠለጥናለች፤ ሥጋ ለአእምሮ የሚገዛ ስለሆነም ከሁሉ የምትበረታው እውነት ናት። ጥያቄውን ያመጣው ማን እንደሆነ አልተመዘገበም። ያ ስሙ ያልተጻፈ ሰው ግን ከቶማስ ሥራዎች በአንዱ ላይ የደራሲነት ድርሻ አለው።

ቃሉ ወደ ብራና የገባበት መንገድም የብዙ ሰው እጅ ያለበት ነው። የቶማስ የእጅ ጽሑፍ ከጥቂቶች በቀር ማንም ሊያነበው ስለማይችል «የማይነበበው እጅ» የሚል ስም ወጥቶለት ነበር። ከዚያ እጅ የተረፉ ቅጠሎች ዛሬም አሉ፤ ለምሳሌ ሱማ ኮንትራ ጀንቲሌስ ከተባለው መጽሐፍ ከፊሉ በቫቲካን ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። በችኮላ የተጫሩ አጫጭር መስመሮች፣ ስርዝና ድልዝ፣ ተሰርዞ እንደገና የተጀመረ ሐሳብ ይታይባቸዋል። ስለዚህ በኋለኛው ዘመኑ ይበልጡን ያጽፍ ነበር፤ የዘመኑ ምስክሮች ለሦስትና ለአራት ጸሐፊዎች በአንድ ጊዜ በተለያየ ጉዳይ ላይ እንደሚያጽፍ ተናግረዋል። ሌላው ክፍል ደግሞ እርሱ ሲያስተምር ተማሪዎች የያዙት ማስታወሻ ነው። ከዚያ በኋላ ነገሩ ወደ ፓሪስ የመጻሕፍት አከራዮች ይሻገራል። አከራዩ ዩኒቨርሲቲው ያጸደቀውን አንድ ቅጂ ሳይጠርዝ በትንንሽ ክፍል ይዞ፣ ቁም ጸሐፊዎች አንዱን ክፍል ተከራይተው ገልብጠው ሲመልሱ ቀጣዩን ይሰጣቸዋል። በዚህ መንገድ አንድ መጽሐፍ ብዙ ሰዎች በአንድ ጊዜ ይገለብጡታል። መጽሐፉ ፈጥኖ ይሰራጫል፤ በዋናው ቅጂ ላይ ያለች አንዲት ስሕተትም አብራው ወደ ብዙ አገር ትሄዳለች።

ደራሲው ከሞተ በኋላ የሆነው ደግሞ የዘመኑ ሰዎች ቶማስን እንደ ተዘጋ መልስ እንዳላዩት ያሳያል። በሜይ 1274 በፓሪስ ዐፅሙን የለመኑት የነገረ መለኮት መምህራን አልነበሩም፤ ፍልስፍና የሚያስተምሩት የኪነ ጥበባት መምህራን ነበሩ። በዚያው ደብዳቤ፣ ከእነርሱ ጋር ሳለ የጀመራቸው የፍልስፍና ጽሑፎች እንዲላኩላቸው ለዶሚኒካን ማኅበር ጻፉ። በሞተበት ሦስተኛ ዓመት፣ ቀኑም ሳይዛነፍ ማርች 7 ቀን 1277፣ የፓሪሱ ጳጳስ ኤትየን ታምፒዬ 219 ሐሳቦችን አወገዘ፤ ከእነዚህ አንዳንዶቹ የቶማስን ትምህርት ይነካሉ። የፍራንሲስካኑ ዊልያም ደ ላ ማር የቶማስ ሥራዎች የሚታረሙበትን መጽሐፍ አዘጋጀ፤ በ1282 የፍራንሲስካን ማኅበር ሱማ ከዚህ እርማት ጋር ካልሆነ፣ ያውም ለበሰሉ መምህራን ካልሆነ እንዳይገለበጥ አዘዘ። ቶማስ ቅዱስ የተባለው በ1323 ነው፤ የፓሪስ ጳጳስ ውግዘቱ ቶማስን የሚመለከትበትን ክፍል የሻረው ከዚያ በኋላ፣ በ1325 ነው።

ሰብሳቢዎች የመጡት በዚህ ላይ ነው፤ በሱማ መጨረሻ የሆነውንም ልብ ማለት ይገባል። ቶማስ በንስሐ ላይ ያቆመውን መጽሐፍ ተከታዮቹ ተጨማሪ ክፍል ቀጠሉለት። ጨርቁን ያመጡት ግን ከየት ነው? ወጣት መምህር ሳለ፣ ከሃያ ዓመት ያህል በፊት፣ በጴጥሮስ ሎምባርድ መጽሐፍ ላይ ከሰጠው ሐተታ ቆርጠው ነው። ሽማግሌው ዝም ባለበት ቦታ ጎልማሳውን አናገሩት። «ስለ መንግሥት» የተባለውን ያልተጨረሰ መጽሐፍ ደግሞ ቶሎሜዎ ዘሉካ ቀጠለው፤ ብዙ ትውልድ ሁለቱን ሳይለይ እንደ አንድ ሰው ቃል አነበበ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 5ኛ ቶማስን በ1567 የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ብለው ካወጁ በኋላ፣ በ1570 እና 1571 ሮም ላይ ሙሉ ሥራዎቹ ሲታተሙ፣ የእርሱ ያልሆኑ ትንንሽ ድርሰቶችም በስሙ ገቡ። ሰብሳቢዎቹን በክፋት አልከስም፤ ፍቅራቸው እውነተኛ ነበር። ነገር ግን ክፍት የቀረውን መዝጋት ማክበር መስሏቸዋል።

ይህን ያረመው ትዕግሥት ነው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮ 13ኛ በ1879 የቶማስ ትምህርት እንዲታደስ መልእክት አውጥተው፣ በ1880 ሥራዎቹን እንደገና የሚያሳትም ጉባኤ አቋቋሙ፤ የመጀመሪያው ቅጽ በ1882 ወጣ። ሱማ ቶሎ እንዲወጣ ስለተፈለገ በጥቂት ቅጂዎች ላይ ብቻ ተመሥርቶ ታተመ፤ በኋላ የመጡት አዘጋጆች፣ በተለይም ሬኔ አንትዋን ጎቲዬ፣ ብዙ ቅጂዎችን አንድ በአንድ እያመሳከሩ የትኛው ከየትኛው እንደተገለበጠ ማጥናትን ሥራቸው አደረጉ። አንድ ቅጽ ዓመታት ይፈጃል። ጉባኤው ከተቋቋመ ከ140 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ሥራው አሁንም አላለቀም።

ሌላው ታጋሽ ኢየሱሳዊው አባ ሮቤርቶ ቡዛ ናቸው። በ1940ዎቹ በቶማስ ዘንድ «መገኘት» ወይም «ኅላዌ በውስጥ» የሚለውን ሐሳብ ሲያጠኑ፣ ቁልፉ ያለው በትልልቆቹ ስሞች ውስጥ አለመሆኑን ተረዱ፤ «ኢን» በተባለችው፣ እንደ እኛ «በ» እና «ውስጥ» በምታገለግል ትንሽ ቃል ላይ ነበር። የግዕዝ ሰዋስው የተማረ ሰው አንዲት አገባብ የንባብን ምሥጢር እንዴት እንደምትለውጥ ስለሚያውቅ አይደነቅም። አባ ቡዛ 10 ሺህ ያህል ካርዶች በእጃቸው ጻፉ። ከዚያ በ1949 ኒውዮርክ ሄደው የአይቢኤም ኩባንያን መሪ ቶማስ ዋትሰንን አግኝተው ድጋፍ ጠየቁ። ጣሊያን ውስጥ በጋላራቴ ከተማ በተከፈተው ማእከል ወጣት ሴቶች በመሣሪያ ላይ ተቀምጠው የላቲኑን ጽሑፍ ቃል በቃል ወደሚበሳ ካርድ ገለበጡ። የሌሎች ደራስያን ጽሑፎች ተጨምረውበት 11 ሚሊዮን የሚጠጋ ቃል ተቆጠረ፤ ማውጫው ከ1974 ጀምሮ በ56 ጥራዞች ታተመ፣ በ2005 በኢንተርኔት ተለቀቀ። የሴቶቹ ስም በጥራዞቹ ሽፋን ላይ የለም። በጉባኤው መጨረሻ ወንበር ላይ የተቀመጡት እነርሱ ናቸው፤ ያለ እነርሱ የዛሬው ተመራማሪ የቶማስን አንድ ቃል በደቂቃ ውስጥ ባላገኘ ነበር።

በክርክሬ ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች አሉ፤ ቀላሎችም አይደሉም። አንደኛው እንዲህ ይላል፦ ቶማስ ራሱ ሥርዓት ፈላጊ ነበር፤ በሱማ መግቢያ ላይ ጀማሪዎች በጥያቄ ብዛትና በድግግሞሽ መሰላቸታቸውን ጠቅሶ በሥርዓት ሊያስተምራቸው እንደተነሣ ተናግሯል። እውነት ነው፤ ግንቡን ያቀደው እርሱ ነው። ነገር ግን ያሰለፈው ምንን እንደሆነ እንይ፤ የመጽሐፉ ጡብ ጥያቄ ነው፤ ለጀማሪ ብሎ ተቃውሞውን አላወጣም፣ ጀማሪም ተቃውሞውን ሰምቶ እንዲማር አደረገ። ሁለተኛው ተቃውሞ ከሥልጣን ይመጣል፦ የ1917ቱ የካቶሊክ ሕግ የካህናት መምህራን በቶማስ ዘዴ፣ ትምህርትና መርሖ እንዲያስተምሩ አዟል፤ ታዲያ ቤተ ክርስቲያኑ ራሷ እንደ መልስ መጽሐፍ ከተቀበለችው እኛ ማን ነን? መልሴ፣ ያ ሕግ ከደራሲው ሞት 643 ዓመት በኋላ የወጣ የአጠቃቀም ሕግ ነው የሚል ነው። ሕጉ «ዘዴ» የሚለውን ቃል ማስቀደሙም ለእኔ ይመሰክርልኛል፤ የቶማስ ዘዴ ተቃዋሚውን አስቀድሞ መስማት ነውና።

ሦስተኛው ከሁሉ ይከብዳል። ተቃዋሚዎቹን የመረጣቸውም፣ በአፋቸው ያናገራቸውም ቶማስ ነው፤ የሚያሸንፋቸውን ብቻ አምጥቶ ቢሆንስ? በከፊል ተቀባይ ነኝ። በመጽሐፍ ውስጥ ያለ ተቃዋሚ ዳግመኛ አይናገርም፤ በዚያ ጉባኤም ያልተጋበዙ ብዙ ሰዎች አሉ። ይሁን እንጂ የሚያሸንፈውን ብቻ ላለማምጣቱ ማስረጃው እርሱ በተሳሳተበት ቦታ ይገኛል። መናፍቃንን መታገሥ ይገባል ወይ በሚለው አንቀጽ፣ ከተቃዋሚዎቹ አንዱ የስንዴውንና የእንክርዳዱን ምሳሌ ከማቴዎስ ወንጌል ያነሣል፤ ጌታ እስከ መከር ድረስ አብረው ይደጉ ብሏልና መግደል አይገባም ይላል። ቶማስ ግን በስሕተቱ የጸና መናፍቅ ለዓለማዊ ዳኛ ተላልፎ በሞት ሊቀጣ እንደሚገባ ፈረደ፤ ለምሳሌውም ምላሽ ሰጠ። ዛሬ ይህን አንቀጽ በቅን ልብ የሚያነብ ሰው ከመምህሩ ጋር ይቆማል ብዬ አላምንም፤ ከተቃዋሚው ጋር ይቆማል። ያ ተቃዋሚ ግን በቶማስ መጽሐፍ፣ በቶማስ ጸሐፊዎች እጅ ተጠብቆ የቆየ ነው። መልሱን ብቻ የያዘ መጽሐፍ ቢሆን ኖሮ የቀረልን ፍርዱ ብቻ ነበር።

ስለዚህ ከእነዚህ ጥራዞች ወደ አማርኛ ለሚመልሱ ሊቃውንትና ለሚያሳትሙ ሁሉ አንድ ልመና አለኝ። «ቶማስ እንዲህ አለ» የሚለውን ብቻ ነጥላችሁ አትስጡን። ጥያቄውን ከነተቃውሞው፣ ተቃውሞውን ከነምላሹ ተርጉሙልን፤ ስለ እንክርዳዱ የተናገረውንም ያንን ስም የለሽ ሰው አታስቀሩብን።